የፈረንሳይ ሲሲ 6500 ሎኮሞቲቮችን የሥራ ዘመን እንዴት እናጠናለን?

ሲሲ 6500 የሚባሉትን ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች አልስቶምና ኤምቲኢ የተባሉት አምራቾች ከ1969 እስከ 1975 ድረስ ለፈረንሳይ ብሔራዊ የባቡር ድርጅት፣ ለኤስኤንሲኤፍ፣ ሠርተው አስረከቡ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አዲስ ሆነው የወጡት 74 ሲሆኑ፣ በኋላ ከሌላ ተከታታይ የተለወጡ 4 ተጨምረውባቸው ቁጥራቸው ከ6501 እስከ 6578 ደርሷል። የመጨረሻዎቹ ከመደበኛ ሥራ የወጡት በ2007 ነው።

በእነዚህ ዓመታት ያው ማሽን በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ የመንገደኛ ባቡር ጎትቷል፤ ከባድ ጭነት ይዞም የአልፕስን ዳገት ወጥቷል። ዘመኑን ለማጥናት የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ፎቶና ቀን በመሰብሰብ ነው። ያ ብቻውን ሩቅ አያደርስም። ከሁሉ በፊት ሁለት ጥያቄ መመለስ አለበት፤ መስመሩ የሚሰጠው ከረንት ምን ዓይነት ነበር? የሎኮሞቲቩ ማርሽስ የፈጣኑ ነበር ወይስ የከባዱ? ሲሲ 6500 የት እንደሠራ፣ የት ላይ እንደቆመ፣ ለምን ከመንገደኛ ወደ ጭነት እንደወረደ የሚያስረዱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ቁጥሩን ማንበብ

ፊደሎቹ የአክስሉን፣ ማለትም ሁለት ጎማ የሚያያይዘውን ዘንግ፣ አደራደር ይናገራሉ። ቢ ማለት በአንድ ቦጊ (አክስሎቹን በሚይዘው የሥር ጋሪ) ላይ በሞተር የሚዞሩ ሁለት አክስሎች፣ ሲ ማለት ሦስት ናቸው። ስለዚህ ሲሲ ሁለት ቦጊ፣ በእያንዳንዱ ሦስት፣ በድምሩ ስድስት አክስል ያለው ነው። ቢቢ ደግሞ አራት።

ቁጥሩ ከረንቱን ይነግርዎታል። እስከ 9999 ያለው በ1.5 ኪሎ ቮልት ዲሲ (አቅጣጫው በማይቀያየር ከረንት) ብቻ የሚሠራ ነው። ከ10000 እስከ 19999 በ25 ኪሎ ቮልት፣ 50 ኸርዝ ኤሲ (አቅጣጫው በሚቀያየር ከረንት) ብቻ የሚሠራ። 20000ዎቹ ሁለቱንም የሚችሉ፣ 30000ዎቹ ሦስት ዓይነት፣ 40000ዎቹ አራት ዓይነት ከረንት የሚቀበሉ ናቸው። 60000 እና 70000 ከገባ ናፍጣ ነው። ይህን ካወቁ 6500 የሚለው ቁጥር ራሱ «ከዲሲ መስመር አልወጣም» እያለ ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ግን ቁጥሩ ያሳስታል። የመጀመሪያው ከ6575 እስከ 6578 ያሉት አራቱ ናቸው። እነዚህ በተከታታዩ መጨረሻ ላይ ስላሉ የመጨረሻ የተሠሩ ይመስላሉ፤ በእርግጥ ግን ሲሲ 21000 የሚባሉት ሁለት ዓይነት ከረንት የሚችሉ ማሽኖች ነበሩ። 6575 ከ21001 የመጣ ሲሆን እሱም በ1969 የተሠራ ነው። የኤሲ መሣሪያቸው ከተነሳ በኋላ በ1990ዎቹ አጋማሽ የ6500 ቤተሰብ ሆኑ። ከእነሱ አንዱ፣ 21003፣ በ1977 አሜሪካ ተሻግሮ በአገሪቱ የመንገደኛ ባቡር ድርጅት፣ በአምትራክ፣ መስመር ላይ ኤክስ996 በሚል ስም ተሞክሯል። የእነዚህን አራት ማሽኖች መዝገብ ሲይዙ አሮጌውንም አዲሱንም ቁጥር በአንድ ገጽ ላይ ያኑሩ። አለዚያ አንዱን ማሽን እንደ ሁለት ይቆጥሩታል።

ሁለተኛው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከፊት የተጨመረው አሃዝ ነው። ያ አሃዝ ማሽኑ የየትኛው የሥራ ክፍል እንደሆነ ያሳያል፤ 4 የጭነት፣ 5 የክልል መንገደኛ፣ 6 የመስመር ጥገና፣ 8 የፓሪስ ዙሪያ። አራት አሃዝ ያለው ቁጥር በመካከል ዜሮ ይጨመርለታል። ስለዚህ 406501 የሚል ቁጥር ቢያዩ አዲስ ማሽን አይደለም፤ ለጭነት የተመደበው 6501 ነው። ማሽኑ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዛወር አሃዙ ስለሚለወጥ፣ በፎቶ ላይ ያለው የፊት አሃዝ ቀኑን ለማጥበብ ይጠቅማል።

ባለ 12 አሃዙ የአውሮፓ ቁጥር የሚገኘው በኋለኞቹ ፎቶዎች ላይ ነው። 6500ዎቹ እሱ በስፋት ሳይገባ ወጥተዋል፤ አብረዋቸው በኖሩት ቢቢ 22200 ላይ ግን ያገኙታል። የመጨረሻው አሃዝ ማረጋገጫ ነው፤ የደበዘዘ ፎቶ በትክክል ተነብቦ እንደሆነ በእሱ ይፈትሻሉ። ለምሳሌ 91 87 0022 267 የሚለውን እንውሰድ። 91 ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ፣ 87 ፈረንሳይ ነው። አሥራ አንዱን አሃዝ ከግራ ጀምረው በየተራ በ2 እና በ1 ያባዙ፤ 18፣ 1፣ 16፣ 7፣ 0፣ 0፣ 4፣ 2፣ 4፣ 6፣ 14። ባለ ሁለት አሃዝ ሲመጣ አሃዞቹን ለየብቻ ይደምሩ፤ 18 ስንል 1 እና 8 ማለት ነው። ድምሩ 45 ነው። ወደ ቀጣዩ አሥር ቤት፣ ወደ 50፣ ለመድረስ 5 ይቀራል፤ ማረጋገጫው 5 ነው። ያነበቡት ሌላ ከሆነ አንዱን አሃዝ ተሳስተዋል።

ማሽኑን በፎቶ መለየት

ፖል አርዘንስ የነደፈው «አፍንጫው የተሰበረ» የሚባለው ፊት በብዙ ተከታታዮች ላይ አለ። የፊት መስታወቱ ከላይ ወደ ውጭ፣ ከታች ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው፤ የፀሐይ ነጸብራቅ የአሽከርካሪውን ዓይን እንዳይመታ ያግዛል። ይህን ፊት አይተው ብቻ ሲሲ 6500 ነው ማለት አይቻልም። በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ።

መጀመሪያ ጣሪያውን ይመልከቱ። ፓንቶግራፍ (ከላይ ሽቦ ከረንት የሚቀበለው ክንድ) ከሌለው ናፍጣው ሲሲ 72000 ነው፤ እሱም ስድስት አክስልና ተመሳሳይ ፊት አለው፣ በጣም የሚያሳስተውም እሱ ነው። ቀጥሎ አክስል ይቁጠሩ። በቦጊ ሁለት ብቻ ከሆነ ቢቢ 7200፣ ቢቢ 15000 ወይም ቢቢ 22200 ነው። ርዝመቱም ይለያል፤ 6500 ከ20 ሜትር ጥቂት ያልፋል፣ ሦስቱ ቢቢዎች 17.48 ሜትር ናቸው።

ሦስቱን ቢቢዎች እርስ በርስ ለመለየት የፓንቶግራፉን አናት ስፋት ይዩ። በፈረንሳይ የዲሲው አናት 1950 ሚሊ ሜትር፣ የኤሲው 1450 ሚሊ ሜትር ነው። ከፊት በተነሳ ፎቶ ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ሰፊው 7200 ላይ፣ ጠባቡ 15000 ላይ ነው፤ 22200 ሁለቱንም ዓይነት ይይዛል።

በ6500 ውስጥም ንዑስ ክፍሎች አሉ። ከ6501 እስከ 6538 ያሉት የመጀመሪያዎቹ፣ ከ6539 እስከ 6559 ያሉት በአልፕስ ላለው ለሞሪየን መስመር የተሠሩት፣ ከ6560 እስከ 6574 ያሉት የመጨረሻዎቹ ናቸው። የጎን የአየር ማስገቢያቸው አሠራር የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ይለያል። የሞሪየኖቹ ጥቁር አረንጓዴ ተቀብተው ስለወጡ በቀለም ፎቶ ላይ አይጠፉም። ቀለም ግን ብቻውን ማስረጃ አይሁን፤ በኋለኞቹ ዓመታት ደጋግሞ ተለውጧል።

ከረንቱ የት ያቆመዋል?

ፈረንሳይ 1.5 ኪሎ ቮልት ዲሲን የመረጠችው በ1920 ነው። የደቡብ ምሥራቁና የደቡብ ምዕራቡ ዋና ዋና መስመሮች በእሱ ተሠሩ። 25 ኪሎ ቮልት ኤሲው ከ1950 ጀምሮ በሳቮይ ከተሞከረ በኋላ በ1950ዎቹ አጋማሽ ከቫለንስየን እስከ ቲዮንቪል ባለው ከባድ የጭነት መስመር ላይ ራሱን አስመሰከረ፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥራ በአመዛኙ በእሱ ሆነ። አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች ማለት ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ይታይ። የ6500 ኃይል 5,900 ኪሎ ዋት ነው። ይህን በ1,500 ቮልት ስናካፍለው ወደ 3,930 አምፔር ይመጣል። ያው ኃይል በ25,000 ቮልት ከሽቦው የሚወስደው ወደ 236 አምፔር ብቻ ነው። በዲሲው መስመር ሽቦው ወፍራም፣ ሰብስቴሽኖቹም (ለሽቦው ኃይል የሚያቀብሉት ጣቢያዎች) የተቀራረቡ የሆኑት ለዚህ ነው። ሁለት 6500 ተያይዘው ከባድ ባቡር ሲያስነሱ ወደ 8,000 አምፔር የሚጠጋ ከረንት ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ሰብስቴሽኑ ሩቅ ከሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኃይሉም አብሮ። ስለዚህ የአንድ ባቡር ጉዞ ከተጻፈው ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ሲያገኙት ጥፋቱን ሁሉ በማሽኑ ላይ አይጣሉ። መስመሩንም ይመርምሩ።

ለጥናትዎ ካርታ ያውጡና ዲሲና ኤሲ የሚገናኙባቸውን ቦታዎች ምልክት ያድርጉ። ማርሴይ ትልቁ ምሳሌ ነው፤ ከፓሪስ እስከ ማርሴይ ዲሲ፣ ከማርሴይ እስከ ኒስ ኤሲ። ለ ሚስትራል የተባለው የፓሪስ–ኒስ ባቡር በ6500 እየተጎተተ ማርሴይ ይደርስና ኤሲ የሚችል ሌላ ማሽን ይረከበው ነበር። በምዕራብ በኩል ሌ ማን እንዲሁ ድንበር ናት። በሞዳን ደግሞ የጣሊያን 3 ኪሎ ቮልት ዲሲ ይጀምራል። 6500 ከእነዚህ ቦታዎች አልፎ በራሱ ኃይል ሲሠራ የሚያሳይ ጽሑፍ ካገኙ ቦታው ወይም ቁጥሩ ተሳስቷል፣ አለዚያም ማሽኑ ሳይሠራ እየተጎተተ ነበር።

22200 ችግሩን የፈታው ከ7200 ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ትራንስፎርመርና ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚለውጥ መሣሪያ) በመጨመር ነው። በመገናኛው ቦታ ላይ አሽከርካሪው ሰማያዊ ምልክቶችን እየተከተለ ሞተሩን ከኃይል ያወጣል፣ ብሬከሩን (ዋናውን የኤሌክትሪክ ማቋረጫ) ይከፍታል፣ ፓንቶግራፉን ያወርዳል፣ ባቡሩ ከረንት የሌለበትን ክፍል በራሱ ግፊት ያልፋል፤ ከዚያ ሌላኛውን ፓንቶግራፍ ያነሳል፣ የመስመሩን ቮልቴጅ ያረጋግጣል፣ ብሬከሩን ይዘጋል። በዚያ ቦታ ላይ ቀይ መብራት አስቁሞት ፍጥነቱን ካጣ ከረንት በሌለበት ተተክሎ ይቀራል። አሽከርካሪው ከሩቅ ሆኖ ፍጥነቱን የሚያሰላው ለዚህ ነው።

ማርሹ የሥራውን ዓይነት ይወስናል

በእያንዳንዱ የ6500 ቦጊ ላይ ሦስቱን አክስል በማርሽ የሚያዞር አንድ ትልቅ ሞተር አለ። በሞተሩና በአክስሎቹ መካከል ደግሞ ሁለት ዓይነት ማርሽ ይገኛል። አንዱ እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ለጭነት። ሌላው እስከ 220 የተሰላ፣ ለመንገደኛ፤ በሥራ ላይ ግን ጣሪያው 200 ነበር። የሁለቱ ንጽጽር 2.2 ስለሆነ፣ ሞተሩ በዚያው ከረንት የጭነቱ ማርሽ ላይ 2.2 እጥፍ ይስባል፤ ፍጥነቱን ደግሞ በዚያው ልክ ያጣል።

ማርሹ የሚለወጠው ማሽኑ ቆሞ ነው። የሁለቱም ቦጊ ማርሽ አንድ ዓይነት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በጭነት ማርሽ ላይ ያለ ማሽን ከ100 በላይ ቢነዳ ሞተሩ ከተፈቀደለት በላይ ይሽከረከራል፤ የሚሽከረከረው ክፍል ጥቅል ሽቦ ሊፈታና ሊበተን ይችላል። በመንገደኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ከባድ ጭነት ዳገት ላይ ለማስነሳት መሞከር ደግሞ በተቃራኒው ያቃጥላል፤ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ከፍተኛ ከረንት ይወስዳል፣ ከረንቱን የሚገድቡት ሬዚስታንሶችም ይግላሉ። 6500 በሬዚስታንስ የሚነሳ ማሽን ነው። አሽከርካሪው ደረጃ በደረጃ ሬዚስታንሱን እያወጣ ይሄዳል፤ በመካከለኛ ደረጃዎች ላይ መቆየት ማለት ኤሌክትሪኩን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። በ7200 እና በ22200 ላይ ይህ ቀርቶ ከረንቱን በፍጥነት እየቆራረጠ በሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ፣ በቾፐር፣ ተተካ፤ በተለይ እየቆመ በሚነሳ ባቡር ላይ የሚቆጥበው ብዙ ነው።

አንድ ሞተር ሦስት አክስል ማዞሩ ጥሩ ጎን አለው፤ ባቡር ሲነሳ የፊተኛው አክስል ክብደቱ ይቀላል፣ ለብቻው ግን መንሸራተት አይችልም፣ ሌሎቹ በማርሹ በኩል ይይዙታል። ዕዳውም አለ። የአንድ ቦጊ ስድስት የብረት ጎማዎች ዲያሜትር እኩል ካልሆነ፣ እኩል ዙር እየዞሩ እኩል መንገድ መሄድ አይችሉም፤ ትንሹ ይንሸራተታል፣ ማርሹ ይጨነቃል፣ ብረቱ ያልቃል። ስለዚህ አንዱ ጎማ ሲበላሽ የቦጊው ጎማዎች ሁሉ አብረው ይላጫሉ። በጥገና መዝገብ ላይ «የጎማ መላጨት» ደጋግሞ ሲታይ የዚህን ንድፍ ዋጋ እያዩ ነው።

ማርሹ በየትኛው በኩል እንደነበረ ከፎቶ አይታይም። ከኋላው ካለው ፉርጎ ይገምቱ፤ የጭነት ፉርጎ ከሆነ የከባዱ፣ ፈጣን የመንገደኛ ባቡር ከሆነ የፈጣኑ።

የሞሪየን ስሌት

ከሻምቤሪ ወደ ሞዳን የሚወጣው መስመር ለዚህ ጥናት ምርጡ ማስተማሪያ ነው። እስከ 1976 ድረስ ከረንቱ በሐዲዱ ጎን በተዘረጋ ሦስተኛ ሐዲድ ይመጣ ነበር፤ ከ6539 እስከ 6559 ያሉት ማሽኖች ይህን የሚነካ ጫማ ከቦጊያቸው ጎን ተሠርቶላቸው የወጡት ለዚህ ነው። በ1976 የላይ ሽቦ ሲተካ ጫማው ሥራ ፈታ፤ የቀሩት 6500ዎችም መስመሩ ላይ መግባት ቻሉ።

ዳገቱ በላይኛው ክፍል በሺህ 30 (በ1,000 ሜትር ርቀት 30 ሜትር ከፍታ) ይደርሳል። 1,000 ቶን ባቡርና 116 ቶን ገደማ የሚመዝን አንድ 6500 እንውሰድ። 1,116 በ9.81፣ ከዚያ በ0.03 ሲባዛ 328 ኪሎ ኒውተን ይሆናል፤ ይህ ባቡሩ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ብቻ የሚያስፈልገው ነው። አሁን ሎኮሞቲቩ ሐዲዱን ምን ያህል መያዝ ይችላል? 116 በ9.81 ሲባዛ 1,138 ኪሎ ኒውተን፤ ሐዲዱ ጥሩ ሆኖ ሩብ ያህሉን ቢይዝ 284። አይበቃም። ሐዲዱ እርጥብ ወይም ቅጠል የበዛበት ከሆነ ደግሞ ከዚህም ይወርዳል። ስለዚህ ሁለት ማሽን ከፊት ይያያዛል። ባቡሩ ከዚህ ሲከብድ ከፊት ሌላ ማሽን መጨመር አይጠቅምም፤ የመጀመሪያው ፉርጎ መያዣ የሁሉንም ስበት ብቻውን ስለሚሸከም ሊበጠስ ይችላል። መፍትሔው ከኋላ የሚገፋ ማሽን ነው። በሞሪየን ፎቶ ላይ ሁለት ከፊት አንድ ከኋላ ካዩ፣ የባቡሩን ክብደት በዚህ ስሌት ወደ ኋላ ተመልሰው መገመት ይችላሉ።

የጊዜ ሰሌዳውን መጠቀም

ለ ካፒቶል የፓሪስ–ቱሉዝ ባቡር ከግንቦት 1967 ጀምሮ በሌዞብሬና በቪየርዞን መካከል በ200 ኪሎ ሜትር ሮጧል፤ ያኔ የሚጎትቱት የተሻሻሉ ቢቢ 9200 ነበሩ። 6500 የተረከበው በ1970 ነው። ስለዚህ «የመጀመሪያው 200» የሚለውን ለ6500 የሚሰጥ ጽሑፍ ካገኙ ያርሙት። ያን ፍጥነት የፈቀደው ማሽኑ ብቻ አልነበረም፤ ከመደበኛው ማስጠንቀቂያ አንድ ክፍል ቀድሞ የሚነግር ብልጭ ድርግም የሚል አረንጓዴ መብራት ተጨምሮ ነበር፣ ምክንያቱም ከ200 ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በተለመዱት ሁለት መብራቶች መካከል አይበቃም።

ከፍተኛውን ፍጥነት ከአማካዩ ጋር አያምታቱ። ፓሪስ–ቱሉዝ 713 ኪሎ ሜትር በ6 ሰዓት ማለት አማካዩ 119 ነው፤ ከሊሞዥ በኋላ ኩርባው ብዙ ነው። ፓሪስ–ቦርዶ 581 ኪሎ ሜትር በ1971 በ4 ሰዓት ሲሆን አማካዩ 145 ይመጣል። ያው 6500፣ ያው ኃይል፤ ልዩነቱ መንገዱ ነው።

ከዚያ የፈጣን ባቡር መስመሮቹ መጡ፤ ወደ ሊዮን በ1981 እና በ1983፣ ወደ ምዕራብ በ1989 እና በ1990። በእነዚህ መስመሮች የሚሮጠው ፈጣን ባቡር፣ ቲጂቪ፣ የ6500ን ምርጥ ባቡሮች አንድ በአንድ ወሰደ። ከ1988 ጀምሮ ሁለቱንም ከረንት የሚችለው ቢቢ 26000 ሲገባ ደግሞ በአሮጌው መስመር የቀረውም ጠበበ። 6500 አልደከመም ነበር፤ ከዲሲ መውጣት ስላልቻለ ግን ማርሹ ወደ 100 ተዛውሮ ጭነት ላይ ዋለ። ያ ሁለተኛ ማርሽ ባይኖረው ዕድሜው በዚያ ዘመን ያበቃ ነበር።

መዝገብ ሲይዙ

ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ገጽ ይክፈቱ፤ ሥራ የጀመረበት ቀን፣ ዲፖው፣ የተዛወረበት ቀን፣ ቀለሙ፣ የታየበት ባቡርና ቦታ። ዲፖ ማለት ማሽኑ የሚጠገንበትና የሚመዘገብበት እንጂ የሚሠራበት መስመር እንዳልሆነ ያስታውሱ። የሊዮን ማሽን ፓሪስ ማደሩ እንግዳ ነገር አይደለም።

መጨረሻውን ሲጽፉ ሦስት ቀን ይለዩ፤ የመጨረሻ ባቡር የጎተተበት፣ ከመዝገብ የተሰረዘበት፣ የተቆራረጠበት። በመካከላቸው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ማሽኑ ተሰርዞ ለመለዋወጫ ይፈታል፤ በዚያ ዘመን የተሠሩ ሎኮሞቲቮች አስቤስቶስ ስላለባቸው ደግሞ ከመቆረጣቸው በፊት በጥንቃቄ መጽዳት አለባቸው፤ ያም ተራ ያስጠብቃል። ጥግ ላይ የቆመ ማሽን ፎቶ በስህተት «በሥራ ላይ» ተብሎ የሚመዘገበው በዚህ ምክንያት ነው። ፓንቶግራፉ ወርዶ፣ የፊት መብራቱ ተነቅሎ፣ ሐዲዱ ዝጎ ከታየ አይቀበሉት።

ከተረፉት መካከል 6558፣ 6570 እና 6575 በማኅበራት እጅ ተጠብቀዋል። ሦስቱ የሞሪየኑን፣ የመጨረሻውን ክፍልና ከ21000 የመጣውን ይወክላሉ። በአካል ለማየት ዕድል ካገኙ መጀመሪያ ከቦጊው ጎን ዝቅ ብለው የማርሹን ሳጥንና የሦስቱን ጎማ አቀማመጥ ይመልከቱ፤ በ6558 ላይ ደግሞ የከረንት መቀበያው ጫማ የነበረበትን ቦታ ይፈልጉ።